ሰሊጥ የለበሰው ዘንዶ

በመተማ የሚያዝያ ሙቀት ቀለም ከክዳኑ ተነስቶ ወታደሩ ፊት ሳይደርስ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። ይህን እስካውቅ ድረስ ብዙ ወታደር አበላሽቻለሁ። ወታደሮቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አንዳንዶቹ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ደፍተዋል፣ አንዳንዶቹ አጽም ብቻ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሌላ ኮከብ የመጡ ይመስል ከእግር እስከ ራሳቸው ብረት ለብሰዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ በማስመሪያ ርቀት እየለኩና ዳይስ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ከጨዋታው በፊት ግን እያንዳንዱን ወታደር መገጣጠምና መቀባት የባለቤቱ ሥራ ነው። የጎደለውን ማሟላት፣ ያልወደደውን ቆርጦ በሌላ መተካትም እንዲሁ። እኔን የያዘኝ ይኸኛው ሥራ ነው።

ጨዋታውን ወደ ግቢያችን ያመጣው ከወሎ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከጓደኞቹ ተምሮ፣ ሲመደብ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወታደር ይዞ መጣ። በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ትራክተር ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበርሁ። አንድ እሑድ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወታደሮቹን አንገረቡ ላይ፣ በዚያ ገመድ በተጠለፈበት የሱዳን አልጋ ላይ ደርድሮ አገኘሁት። አንዱን አንስቼ አየሁት። ክንዱ ከትከሻው ጋር በተገናኘበት ቦታ ጸጉር የሚያሳልፍ ስንጥቅ ነበር።

«ይኸ አልገጠመም» አልሁት።

«ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁት።»

ሳቀና ወታደሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «በል ወስደህ አስተካክለው፤ ከዚህ በኋላ ሐኪማቸው አንተ ነህ።»

እውነትም ሐኪማቸው ሆንሁ። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፎም ቤንዚን ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። ድብልቁ እንደ ማር ሲወፍር ስንጥቅ ይሞላል፣ የተቆረጠ ክንድ ያጣብቃል፣ ሲደርቅም ራሱ ፕላስቲክ ይሆናል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ፎም ላይ ቤንዚን ሲፈስ አይቼ ያገኘሁት ነው። ብሩሽ የምሠራው ከአህያ ጆሮ ውስጥ ከሚቆረጥ ጸጉር ነበር፤ ከዚያ የለሰለሰ መተማ ውስጥ አላገኘሁም። ቀለሜ ግን ከጋራዡ የተረፈው ብቻ ነው፤ የትራክተር አረንጓዴ፣ የትራክተር ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ለቁጥር መጻፊያ የምንጠቀምበት ቢጫ። ወፍራም ቀለም ስለሆነ የወታደሩን አፍንጫ ይደፍነዋል። ሲቀጥን ደግሞ ይሸሻል። ሠራዊቴ ተሰልፎ ሲታይ ሁሉም የእርሻ መሣሪያ ይመስላል። መምህሩ «ያንተ ጦር መቼ ነው ማረስ የሚጀምረው?» ይለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ከጎንደር ወሬ መጣ። እዚያ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ፤ መምህሩ በስልክ ይገናኛቸዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሊሰባሰቡ ነው። ከጨዋታው በፊት የውድድር ሰዓት አለ፤ አንድ ትልቅ ፍጡር በእጁ አስተካክሎና ቀብቶ ካመጣው ሁሉ የበለጠው ይሸለማል። ሽልማቱ የቀለም ሳጥን ነው፤ ለእነዚህ ወታደሮች ተብሎ የተሠራ፣ እንደ ወተት የቀጠነ፣ ግን ቦታውን የማይለቅ ቀለም፣ ጫፋቸው እንደ መርፌ ከሾለ ብሩሾች ጋር። ከአባላቱ የአንዱ ዘመድ ከውጭ ያመጣው ነው፤ አገር ውስጥ አይሸጥም። መምህሩ ፎቶውን አሳየኝ። ጠርሙሶቹ በረድፍ ቆመው ሰማያዊው ብቻ አምስት ዓይነት ነው።

«ይኸን ፎቶ ላክልኝ» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ምሳ እየበላሁም እሱን ነበር የማየው። ያንን ሳጥን ካላገኘሁ ዕድሜዬን ሙሉ ትራክተር ስቀባ እንደምኖር ገባኝ።

ለውድድር የሚሆን ትልቅ ፍጡር ግን አልነበረኝም። ድንበሩን ተሻግሬ ጋላባት ገበያ ሄድሁ። እዚያ ከካርቱም የሚመጣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ከተሰበሩ ማራገቢያዎች ሥር አንድ ካርቶን የአሻንጉሊት ስብርባሪ አገኘሁ፤ ከውስጡ ራስም ክንፍም የሌለው፣ ጅራቱ የተሰበረ የባለ አራት እግሩ የተረት ዘንዶ ሰውነት ወጣ።

«ልጅ አለህ?» አለኝ ነጋዴው አረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛው።

«የለኝም።»

«ሚስትስ?»

«እሷም የለችም።»

«ዞል፣ አንተ ሰው፣ ታዲያ ይኸ ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

ለጥቂት ጊዜ አየኝና ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋው። «ምስኪን» አለ። በለውጡ የሱቁን የብረት በር ቀባሁለት። በሩ ዛሬም የትራክተር አረንጓዴ ይመስለኛል።

ለዘንዶው ራስና ለተሰበረው ጅራቱ የሽቦ አጥንት ሠርቼ በፎሙ ድብልቅ ሥጋ አለበስኋቸው። ክንፉን ከጃንጥላ ዘንግ አወጣሁት፤ በዘንጎቹ መካከል ፋሻ ወጥሬ ድብልቁን በስሱ ስቀባበት እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ስስ ሆኖ ደረቀ። ለጥርስ ማበጠሪያ አስፈለገኝ። አከራያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ የተሰበረ ማበጠሪያ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። አምጥተው ሰጡኝና የማበጠሪያውን ጥርስ አንድ በአንድ ስቆርጥ ቆመው አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ለዘንዶ ጥርስ ከምታበቅል ለራስህ ሚስት ብትፈልግ አይሻልህም?»

«ዘንዶው ይቅደም፣ እማማ።»

«እሱማ ቀድሟል። ይኸን ጥርስ ያየች ደግሞ በዚህ ደጅ አታልፍም።»

የቀረው ቆዳው ነበር። ፕላስቲኩ ከብዙ እጅ ንክኪ የተነሳ ልሙጥ ሆኗል፤ ዘንዶ ደግሞ ቅርፊት ከሌለው የተላጠ በግ ነው። በምላጭ ልቀርጽ ሞከርሁ፤ ቅርፊቶቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ እየሆነ አስጠላኝ። መልሱን ያገኘሁት ጫማዬን ሳራግፍ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ወደቀ። አንድ ወገኑ ሹል፣ ሌላው ክብ፣ መጠኑም ከወንድሞቹ እኩል ነው። እኛ አገር ሰሊጥ ጫማ ውስጥም ኪስ ውስጥም ስለማይጠፋ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ አንገረቡ ላይ ተቀምጬ ዘንዶዬን ሰሊጥ አለብሰው ጀመር። ድብልቁን በትንሽ በትንሹ እቀባለሁ፤ ሳይደርቅ ፍሬዎቹን በምራቄ ባረጠብሁት የስፒል ጫፍ እያነሳሁ ግማሽ ድረስ እተክላለሁ። ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ ከታች እንደሚጀመር እኔም ከጅራቱ ጀመርሁ። የፍሬው ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ጅራት ይመለከታል። አንድ ፍሬ ከዞረች አወጣትና እንደገና እተክላታለሁ።

መምህሩ ጥርሱን እየፋቀ ይመጣና ከላዬ ይቆማል። «ወላሂ፣ አንተ ሰው አይደለህም። እዚያ ሆዱ ሥር ያለውን ማን ገልብጦ ያየዋል?»

«አንድ ሰው ይገለብጠዋል።»

«ማን?»

«እኔ ብሆን እገለብጠዋለሁ።»

ከወር በላይ ፈጅቶ ቅርፊቱ አለቀ። ጉዞው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ጓጉቼ ራሱንና አንገቱን ብቻ ጸረ-ዝገት ቀለም ቀባሁትና ቀሪውን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት።

ምሳ ሰዓት ስመለስ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ነጭ መስመር አየሁ። ኖራ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ጠጋ ስል መስመሩ ይንቀሳቀሳል። ጉንዳን ነው፤ እያንዳንዱ አንዲት ነጭ ፍሬ ተሸክሟል። ዘንዶዬ ተሰልፎ በግድግዳው እየወረደ ነበር።

አካባቢያችን የሰሊጥ አገር ነው። በየአውድማው ዙሪያ ለጉንዳን መድኃኒት ሳይነሰንስ የሚተኛ ጠባቂ የለም፤ ሕፃን ልጅም ይህን ያውቃል። እኔ ግን ፍሬው ቅርፊት ከሆነ ወዲያ ሰሊጥ መሆኑን ረስቼው ነበር። ቀለም የነካውን ራስና አንገት ጉንዳኖቹ አልነኩትም። ከትከሻው ወደ ታች ግን ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ጅራቱን አራግፈውታል።

አከራያችን በበሩ ብቅ አሉ። ግድግዳውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የመተማ ሰው ሆነህ ጉንዳን ፊት ሰሊጥ ታሰጣለህ?» አሉ በቀስታ። እንጀራ በሳህን አምጥተው አስቀመጡልኝና ሄዱ።

መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዘንዶውን አየና አጠገቤ ተቀመጠ። «አብሽር። ጦሩ አለ፣ ጨዋታውን እንጫወታለን።»

«ሳጥኑ ግን የለም።»

«ሳጥኑ የለም» አለ። ሊያጽናናኝ ብሎ አልዋሸኝም፤ ለዚህ ነበር የምወደው።

እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እኔ ዘንዶውን ወደ ብርሃን ይዤው ወጣሁ። መጣሌ ካልቀረ ንጹሕ ሆኖ ይጣል ብዬ በአህያ ጸጉሩ ብሩሽ አቧራውን እጠርግ ጀመር። አቧራው ሲነሳ ሌላ ነገር አየሁ። እያንዳንዱ ፍሬ የነበረበት ቦታ ጎድጎዶ ቀርቷል። ጉድጓዱ አንድ ወገኑ ሹል፣ ሌላው ክብ ነው፤ ድብልቁ ፍሬው ሲጫነው ዙሪያውን ከፍ ብሎ ቀጭን ጠርዝ ሠርቷል። ረድፉ አልተዛነፈም። ስተክል ያልሰነፍሁባት እያንዳንዷ ፍሬ ቦታዋን ትታልኝ ሄዳለች።

ጥቁር ቀለም በነጭ ጋዝ አቅጥኜ ከሆዱ ሥር በትንሹ ሞከርሁት። ቀለሙ ሮጦ ጉድጓዶቹ ውስጥ ተኛ። ላዩን በጨርቅ ስጠርገው ጠርዞቹ ብቻ ነጭ ሆነው ቀሩ። እጄ ላይ ያለው ነገር ቆዳ ሆነ። የፕላስቲክነቱ ነገር ጠፋ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ ፀሐይ የመታው ቆዳ።

ይህን ቆዳ የት እንዳየሁት ወዲያው አወቅሁ። ከጋራዡ ልጆች ጋር ሽንፋ ወንዝ ለውሃ ፓምፕ ጥገና ሄደን ሳለ አንድ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የወንዝ እንሽላሊት፣ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ነበር። ሌሎቹ ድንጋይ ሊወረውሩበት ሲሉ እኔ አስቁሜ ቀረብ ብዬ አየሁት። ቆዳው ጭቃ የመሰለ አረንጓዴ፣ በላዩ ላይ እንደ ቀለበት የተደረደረ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ጋ ሲደርስ ቀለበቱ ወደ መስመር የሚለወጥ። የትራክተር አረንጓዴ፣ ጥቁርና የቁጥር መጻፊያ ቢጫ ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ያንኑ ቀለም ነው። ለአጽምና ለብረት ለባሽ ያልሆነኝ ቀለም ለአርጃኖ ልክ ሆነ።

አንድ ችግር ቀረ። አንገቱ ላይ ቅርፊት፣ ሰውነቱ ላይ ጉድጓድ አለ፤ ትከሻው ላይ ሁለት እንስሳ የተሰፋ ይመስላል። ስፒል ይዤ ከአንገቱ በታች ያሉትን ፍሬዎች መንቀል ጀመርሁ፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ወደ ትከሻው ስቀርብ ደግሞ እያበዛሁ፣ ቅርፊቱ ሳይታወቅ ወደ ጉድጓድ እስኪለወጥ ድረስ። ጉንዳን የጀመረውን እኔ ጨረስሁት። የቢጫውን ቀለበት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አኖርሁ። ቀለሙ እንዳይደርቅብኝ የቀዳሁበትን ክዳን እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀምጬ ነበር የምሠራው።

ሲያልቅ ግቢው መሐል ካለው በርሜል ላይ አስቀመጥሁት። አከራያችን ውሃ ሊቀዱ መጡና ባልዲያቸውን ይዘው ቆሙ።

«ይኸን ከወንዝ ነው ያመጣኸው?»

«የእርስዎ ማበጠሪያ አፉ ውስጥ አለ፣ እማማ።»

ጎንበስ ብለው ጥርሱን ፈለጉ። ሲያገኙት ሳቃቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ።

ወደ ጎንደር ስንሄድ ዘንዶው ሸሚዜ ተጠቅልሎበት ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር። ኬላ ላይ ፈታሾች አውቶቡሱን አስቆሙ። ከድንበር ስለምንመጣ ሁሉም ዕቃ ይከፈታል። አንዱ ፈታሽ ካርቶኔን ከፍቶ የሸሚዙን ጫፍ አነሳና እጁን ሰበሰበ።

«ምንድን ነው?»

«ዘንዶ ነው።»

«ሕይወት አለው?»

«የለውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ከኋላ አንዲት ሴት «ቀረጥ አስከፍለው» አለች። አውቶቡሱ ሳቀ። ፈታሹ ዘንዶውን ክንፉን ይዞ ሊያወጣው ሲል «ከእግሩ ሥር ባለው መቆሚያ ያንሱልኝ፣ ክንፉ ስስ ነው» አልሁት። ድምፄ እንዴት እንደነበረ አላውቅም፤ ሰውዬው ሁለት እጁን ከሥሩ አስገብቶ እንደ ጨቅላ አነሳው። አዙሮ አየው፣ ገልብጦ ሆዱን ሳይቀር አየው። ከዚያ ራሱ በሸሚዙ ጠቀለለው። መምህሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «የሚገለብጠው ሰው ተገኘልህ።»

የጎንደር ወጣቶች የተሰበሰቡበት አዳራሽ በረንዳው ብርዳም ነው። ስንገባ ለእያንዳንዳችን አንድ የለስላሳ ቆርኪ ሰጡን። ደንቡ ቀላል ነው፤ የውድድሩን ፍጡሮች ዞረህ ታያለህ፣ ከራስህ በስተቀር የበለጠብህ ፊት ቆርኪህን ታስቀምጣለህ።

ሁሉም ዓይኑን የጣለበት አንድ ቀይ ዘንዶ ነበር። ባለቤቱ የጎንደር ተማሪ ነው። እንደኔ የትራክተር ቀለም አልነበረም፤ ቀዩ ከጥቁር ቀይ ተነስቶ እስከ ብርቱካን ድረስ ደረጃ በደረጃ ይፈካል። የዓይኑ ብሌን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ አኑሮ ዘንዶው እንዲያይ አድርጎታል። ፊቱ የተከመረው ቆርኪ ብዙ ነው። የእኔን ከጎኑ አስቀመጡት።

«ይኸ ደግሞ አዞ ነው?» አለ ከተማሪው ጓደኞች አንዱ።

«ክንፍ ያለው አዞ።»

«ከመተማ ነው የመጣ አሉ። በሙቀቱ ቀልጦ ነው እንዲህ የሆነ።»

መምህሩ «አብሽሩ፣ ቀስ ብሎ እናንተንም ይበላችኋል» አላቸው። ሰዎች ግን ከቀዩ ወደ እኔው ሲያልፉ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ ቀና አይልም። አንዲት ልጅ በጣቷ ጫፍ ጀርባውን ነካ አድርጋ ጣቷን አየች፤ እርጥብ መስሏት ነው። ቆርኪዋን አስቀመጠች። ሌሎችም ተከተሉ፤ የእኔም ክምር ከፍ አለ።

የእኔ ቆርኪ ገና እጄ ውስጥ ነበር። ለማንም ደካማ ሥራ ብሰጠው ማንም አይጠይቀኝም፤ ሳጥኑም ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ይታየኛል። ሁሉንም ዞሬ አየሁ። ከእኔ ሌላ ከቀዩ ዘንዶ የተሻለ አልነበረም፤ ያቺን የዓይን ነጥብ እኔ እንደዚያ አድርጌ ማኖር አልችልም። ቆርኪዬን ቀዩ ፊት አስቀመጥሁ። መምህሩ አይቶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

የቀዩ ባለቤት ከማዶ ያየኝ ነበር። እሱም ቆርኪውን ገና አላስቀመጠም። መጥቶ ዘንዶዬ ፊት ተንበረከከ፤ ዓይኑን ከጀርባው ጋር እኩል አድርጎ ከትከሻ እስከ ጅራት ሄደበት።

«ቆዳውን በምን ቀረጽኸው?»

«አልቀረጽሁትም። ሰሊጥ ተክዬበት ጉንዳን በላው።»

ፊቴን አየ፤ የምቀልድ መስሎት ነው። ፊቴ ቀልድ አያውቅም።

«ጥሬ ሰሊጥ?»

«ጥሬ። ተቆልቶ ቢሆን ኖሮ ከጉንዳኑ በፊት የግቢው ሰው ይበላው ነበር።»

አሁን ሳቀ። «እንግዲያ ግማሹን የሠራው ጉንዳኑ ነዋ።»

«ግማሹን።»

«ለእሱም ጭምር» አለና ቆርኪውን ዘንዶዬ ፊት አስቀመጠ።

አስተባባሪው ሁለቱን ክምር ወስዶ ቆርኪዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ሁለት ዓምድ አቆመ። ማስመሪያ አምጥቶ በላያቸው አጋደመው፤ ማስመሪያው ወደ ቀዩ ወገን ዘንበል አለ። የእኔ በአንድ ቆርኪ ይበልጥ ነበር። መምህሩ ከወገቤ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ እኔን እንዲህ አድርጎ ያነሳኝ ሰው ከልጅነቴ ወዲህ አልነበረም። ሳጥኑን ሲሰጡኝ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነው። አንዱን ጠርሙስ ከፈትሁና ክዳኑ ውስጥ ያለውን ቀለም በጥፍሬ ላይ ቀባሁት። ስስ ነው። የጥፍሬን መስመር ሳይደፍን ሰማያዊ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ተጀመረ። ዕጣ ከዚያው ከቀዩ ዘንዶ ባለቤት ጋር አገናኘኝ። አርጃኖዬን በመጀመሪያው ዙር ወደ ፊት አበረርሁት፤ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ይጠብቃል። ተማሪው ከኋላ የደበቃቸው፣ በቅጡ እንኳ ያልተቀቡ ጥቂት ቀስተኞች ነበሩት። ዳይሱን ጣለ።

«ሞተ» አለኝ። «ይቅርታ፣ ሻምፒዮን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅሁ። ዘንዶውን በመቆሚያው አንስቼ ከጠረጴዛው ጠርዝ አስቀመጥሁት። ሳጥኑ ጉልበቴ ላይ ነበር። በግራ እጄ ክዳኑን እንደያዝሁ፣ ትራክተር የሚመስሉትን ወታደሮቼን ወደ ፊት አስጠግቼ ዳይሴን ጣልሁ።